ሀሳብህን ማንም አልሰረቀህም

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ አንድ ሰው ሌባ ብያለሁ። በፌስቡክ፣ በአደባባይ፣ ስሙን ጠርቼ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ማታ ሲኒማ ገባሁ። ፊልሙ ዱባይ ሠርታ ስለምትልክ እህትና የላከችውን ስለሚበላ ታናሽ ወንድም ነበር። ይህ ታሪክ ደግሞ የኔ ነው! አራት ዓመት በሆዴ ይዤው የኖርኩት፣ ለሦስት ሰው ብቻ፣ ያውም "ለማንም እንዳትተነፍሱ" እያልኩ የነገርኩት። ፊልሙ ሳያልቅ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ረጅም ጽሑፍ ለጠፍኩ። "አይዞህ ወንድሜ"፣ "ክሰሰው"፣ "እዚህ አገር እኮ እንዲህ ነው" የሚል አስተያየት ዘነበልኝ። ያን ሌሊት እንዴት ያለ እንቅልፍ እንደተኛሁ! ተበዳይ መሆን ያሳርፋል፤ ቢያንስ ለአንድ ሌሊት።

በሳምንቱ ሕግ ያጠና ጓደኛዬ "እሺ፣ እንከሳለን። ማስረጃህን አምጣ" አለኝ። ደብተሬን ይዤለት ሄድኩ። ገለጠው። ከአራት ዓመት በኋላ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በሌላ ሰው ዓይን አየሁት። ሁለት ገጽ። የመጀመሪያው ላይ "እህት ዱባይ"፣ "ወንድም ገንዘቡን ይጨርሳል"፣ "እናት ታማ መሞት አለባት?"፣ "መጨረሻው በጣም የሚያስለቅስ" ይላል። ሁለተኛው ገጽ የፖስተር ንድፍ ነው። ከላይ በትልቁ ስሜ፤ ከጎኑ "ደራሲና ዳይሬክተር"።

ጓደኛዬ ጨዋ ስለሆነ አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ከፈተና አስረዳኝ። ሕጉ የሚጠብቀው ወጥ የሆነና የተጻፈ፣ የተቀረጸ፣ በሆነ መልክ ግዙፍነት ያገኘ ሥራን ነው። ያኔ ምዝገባ እንኳ ሳይጠበቅ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ያንተ ነው። ሀሳብ ግን ጥበቃ ከማይደረግላቸው ነገሮች ዝርዝር ውስጥ በግልጽ ተቀምጧል። "ስለዚህ" አለኝ "የተሰረቀብህ ነገር ካለ ፖስተሩ ነው።"

ጽሑፉን ከፌስቡክ አጠፋሁት። ሰውየውን ግን ይቅርታ አልጠየቅሁም። እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ይህን የማወራው ራሴን ለመግረፍ አይደለም። ስክሪፕት መጻፍ የሚፈልግ አንድ ወጣት ባገኘሁ ቁጥር ይኸው ዓረፍተ ነገር ይመጣል። "በጣም አሪፍ ሀሳብ አለኝ፣ ግን እንዳይወስዱብኝ ፈርቼ ነው።" አንዳንዱ ሀሳቡን ሳይነግረኝ አስተያየቴን ይጠይቃል። አንዷ ደግሞ ግማሹን ነግራኝ "ቀሪውን ስንፈራረም" አለችኝ። በምን ላይ ነው የምንፈራረመው እህቴ? ወረቀት የለም እኮ!

የኔ ክርክር አጭር ነው። ሀሳብ ዋጋ የለውም። አንድም ሳንቲም። ዋጋ ያለው ትዕይንት ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች፣ በዚህ ክፍል ውስጥ፣ በዚህ ሰዓት፣ አንዱ ከሌላው የሚፈልገውን ነገር ለማግኘት የሚያደርጉት ነገር። ይህን እስካልጻፍክ ድረስ የምትጠብቀው ነገር የለህም። ባዶ ግቢ ላይ ዘበኛ ቀጥረሃል ማለት ነው።

እስቲ አስቡት። "እህት ዐረብ አገር ሠርታ ትልካለች፣ ወንድም ይበላል።" ከደሴ እስከ ጅማ ይህ ያልደረሰበት ሰፈር ጥሩልኝ። እኔስ ከየት አመጣሁት? ከኛ ቤት ጀርባ ከሚኖሩት እናት። ልጃቸው ዱባይ ናት፣ ወንድ ልጃቸው ደግሞ አብሮ አደጌ ነው። የሌላ ቤት ለቅሶ ሰምቼ፣ ደብተር ላይ ጽፌ፣ "የኔ" ብዬ ስዞርበት ከረምኩ። መሰረቅ ካለ መጀመሪያ የሰረቅሁት እኔ ነኝ።

አባስ ኪያሮስታሚ የሚባል ኢራናዊ ዳይሬክተር በ1987 (በፈረንጆቹ) የሠራው አንድ ፊልም አለ፤ "የጓደኛዬ ቤት የት ነው?" የሚል። ሀሳቡን ልንገራችሁ። አንድ ልጅ በስሕተት የጓደኛውን ደብተር ይዞ ቤቱ ይገባል። ጓደኛው ነገ የቤት ሥራውን ደብተሩ ላይ ሠርቶ ካልመጣ መምህሩ ሊያባርረው ዝቷል። ልጁ ደብተሩን ሊመልስ ወደ ሌላ መንደር ይሮጣል። አለቀ። ይህን ሀሳብ ይዛችሁ አንድ ፕሮዲዩሰር ቢሮ ብትገቡ ቡና ሳይጠጣላችሁ ነው የሚያስወጣችሁ። ፊልሙን ስታዩት ግን ልብ ይሰቅላል። እናትየው ልጇን አትሰማውም። እሱ "ደብተሩን ልመልስ" ይላታል፣ እሷ "የቤት ሥራህን ሥራ" ትለዋለች፤ በመሐል ሕፃኑን እወዝውዝ፣ ይህን አቀብለኝ፣ ያን አምጣ። ክፉ ሴት አይደለችም። ሥራ በዝቶባታል። ይህን ትዕይንት ያላየ ኢትዮጵያዊ ልጅ የለም፤ ፊልሙን ማለቴ አይደለም፣ እናቱን። ኪያሮስታሚ ከኛ የሚለየው ሀሳብ በማግኘት ሳይሆን ቁጭ ብሎ እናትየው ምን እንደምትል በመስማቱ ነው።

ወደኔ ልመለስ። ከዚያ ውርደት በኋላ "እሺ፣ እጽፈዋለሁ" አልኩና ጻፍኩት። እህት ዱባይ ሆና ለቤቱ ጣሪያ የሚሆን ገንዘብ ልካለች፤ ወንድም በቤቲንግ ጨርሶታል። በቪዲዮ ስልክ ይነጋገራሉ። የመጀመሪያው ረቂቄ ላይ የነበረው ይኸው፣ አንድ ፊደል ሳልቀይር፦

እህት፦ ወንድሜ፣ እኔ በሰው አገር ሌት ተቀን እየለፋሁ የላክሁልህን ገንዘብ ለእማዬ ጣሪያ ማሠራት ሲገባህ ለምን በቁማር ጨረስከው?

ወንድም፦ ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ። ሥራ አጥቼ ተስፋ በመቁረጤ ነው። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ብቸኝነት ይሰማኛል።

እህት፦ እናታችን በዝናብ እየተደበደበች መሆኑን አላሰብክም?

ወንድም፦ አስቤያለሁ። ሕሊናዬ እየወቀሰኝ ነው።

"ሕሊናዬ እየወቀሰኝ ነው!" ማን ነው በስልክ እንዲህ የሚያወራው? የትኛው ወንድም ነው ገንዘብ በልቶ ምክንያቱን፣ ስሜቱንና የሥነ ልቦና ትንታኔውን በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያስረክበው? ይህን ስጽፍ ግን እንባዬ መጥቶ ነበር፤ እውነቴን ነው። ያለቀስኩት በታሪኩ ነው፤ ታሪኩ ግን ወረቀቱ ላይ አልነበረም፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር። ብዙዎቻችን የምንሸወደው እዚህ ጋ ይመስለኛል። የራሳችንን እንባ እንደ ማስረጃ እንቆጥረዋለን።

ከብዙ ወራት በኋላ፣ ስንተኛው ረቂቅ ላይ እንደሆነ እንጃ፣ እንዲህ ሆነ፦

(ማታ። ዝናብ። ወንድም ስልኩን ፊቱ ላይ አስጠግቶ ይዟል፤ ከፊቱ ሌላ ምንም አይታይም።)

እህት፦ እስቲ ስልኩን አዙረው፣ ቤቱን ልየው።

ወንድም፦ መብራት የለም እኮ እትዬ።

እህት፦ ታዲያ አንተን በምን አየሁህ?

ወንድም፦ በስልኩ ነው።

(ጠብ። ጠብ። ብረት ሳህን ላይ።)

እህት፦ ምንድነው እሱ?

ወንድም፦ የቱ?

እህት፦ ጠብ ጠብ የሚለው።

ወንድም፦ ቧንቧ ነው።

እህት፦ እኛ ቤት ቧንቧ መቼ ገባ?

(ዝምታ። እናት እጇን ዘርግታ ስልኩን ትቀበለዋለች።)

እናት፦ ገባልን እኮ ልጄ፣ ሳልነግርሽ። አንቺ ግን በልተሻል?

ትልቅ ነገር ጻፍኩ እያልኩ አይደለም። ልዩነቱን ግን እዩት። ገንዘብ የሚል ቃል የለም። ቤቲንግ የለም። ብቸኝነትና ሕሊና የሉም። ዝናቡ ሥራውን ይሠራል፣ ሳህኑ ሥራውን ይሠራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በፊተኛው ረቂቅ ላይ ተኝታ በዝናብ ስትደበደብ የነበረችው እናት እዚህኛው ላይ ተነሥታ ትዋሻለች። ለማን ብላ? ለልጇ? ለየትኛው ልጇ? ይህን ጥያቄ እኔ አላቀድኩትም። እጇን ዘርግታ ስልኩን ስትቀበል ነው የመጣው። ሀሳቡን አራት ዓመት ሳቅፈው እናትየው ይሙቱ አይሙቱ ብቻ ነበር ጭንቀቴ።

ሰምና ወርቅ የሚለውን ቃል ሰው ሁሉ ስላደከመው ማንሣት ያሳፍረኛል። ግን ልበለው። "ቋንቋችን ሰምና ወርቅ ነው" ብለን ደረታችንን እንነፋለን፤ ስክሪፕት ስንጽፍ ግን ወርቁን በሰሃን እናቀርባለን፣ ሰሙን ጥለን። በኑሯችን ውስጥ እኮ ማንም እንዲህ አይናገርም። አከራያችሁ እንድትለቁ ሲፈልጉ "ውጡልኝ" ይላሉ እንዴ? "ዘመድ ከክፍለ ሀገር ሊመጣብኝ ነው መሰለኝ" ነው የሚሉት። ብር ሊበደር የመጣ ሰው ስለ እናትህ ጤና ግማሽ ሰዓት ይጠይቃል፤ ጤናዋ ባሰበው ቁጥር የሚፈልገው ብር መጠን ይጨምራል። የተጣላች ሚስት "ምንም አልሆንኩም" ትላለች፤ ከዚያ ድስቱን እንዴት እንደምታስቀምጠው ስሙ። አባቴ በሕይወቱ እወድሃለሁ ብሎኝ አያውቅም፤ ዩኒቨርሲቲ ስሄድ አውቶቡስ ተራ ድረስ መጥቶ የቦርሳዬን ዚፕ ሦስት ጊዜ ፈተሸ። ይህን ሁሉ ቁጭ ብለን እያየን፣ ላፕቶፕ ስንከፍት ገጸ ባሕርዮቻችን እንደ ጠበቃ ይናገራሉ።

በሽታው ከየት እንደመጣ የራሴ ግምት አለኝ። ጆሯችን በሬዲዮ ነው የሠለጠነው። ወጋየሁ ንጋቱ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በሬዲዮ ሲተርክ ያደጉ ሰዎች ናቸው ያሳደጉን። ሬዲዮ ላይ ሰው በር ሲከፍት "በሩን ልክፈተው" ማለት ግድ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ደግሞ መድረኩ አለ። ብሔራዊና አገር ፍቅር ቴአትር ያፈሯቸው ባለሙያዎች ናቸው በ1990ዎቹ (በኛው አቆጣጠር) ዲጂታል ካሜራ ሲገባ የአማርኛን ፊልም ከተሸከሙት መካከል ዋነኞቹ። መድረክ ላይ መጨረሻ ረድፍ የተቀመጠው ሰው ዓይንህን አያይም፤ ስለዚህ ትናገርለታለህ። ይህ ውርስ ነው፤ አልንቀውም። ችግሩ ካሜራው ከፊትህ አንድ ክንድ ላይ ቆሞ፣ የዐይን ሽፋሽፍትህ ሲርገበገብ እየቀረጸ፣ አንተ አሁንም መጨረሻ ረድፍ ላሉት መጮኽህ ነው።

መሞከር የሚፈልግ ካለ፣ የሚወደውን አንድ የአማርኛ ፊልም ከፍቶ ድምፁን ዘግቶ ዐሥር ደቂቃ ይየው። ማን ከማን ምን እንደሚፈልግ ከገባው ጥሩ ነው። ካልገባው ያየው ሬዲዮ ነው፤ ሥዕል ያለው ሬዲዮ። ከዚያ የራሱን ስክሪፕት እንዲሁ ያድርገው፤ ንግግሩን ሁሉ በጣቱ ሸፍኖ ቀሪውን ያንብብ። እኔ ስሞክረው የቀረው "ይገባል"፣ "ይቀመጣል"፣ "ይወጣል" ብቻ ነበር። ሌላም ልምምድ አለ፣ ለኔ ከየትኛውም ኮርስ የበለጠ የጠቀመኝ። የአማርኛ ስክሪፕት ታትሞ የሚገኝ እንደ ልብ አይደለም። ስለዚህ ጥሩ ፊልም ታይና አንድ ትዕይንቱን እንደ ስክሪፕት አድርገህ በአማርኛ ትጽፈዋለህ፤ የሚታየውን ብቻ፣ የሚሰማውን ብቻ። "አዘነ" ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። ማዘኑን በምን አወቅህ? እሱን ጻፈው።

አሁን "አንተ የምታወራው ስለ ሰማይ ነው፤ ሜዳው ሌላ ነው" የሚለኝ አለ። አውቃለሁ። ሜዳው ላይ ነበርኩ። አንድ ፕሮዲዩሰር ስክሪፕቱን በሁለት ሳምንት ጨርሰህ አምጣ ብሎኛል። ያው ሰው ከሦስት ቀን በኋላ ደውሎ "ሠርግ ጨምርበት፤ አዳራሽ በነፃ አግኝቻለሁ" አለኝ። የመጀመሪያውን ክፍያ ተቀብያለሁ፤ ሁለተኛውን እስካሁን እየጠበቅሁ ነው። ስለዚህ ውል ሳትፈርሙ፣ ያስረከባችሁትን ረቂቅ ቀኑን ጽፋችሁ በኢሜይል ሳትልኩ ለማንም ፋይል አትስጡ። ይህ ፍርሃት አይደለም፤ ሥራ ነው። ልብ በሉ ግን፣ ይህ ምክር የሚሠራው ፋይል ላለው ሰው ነው።

"ሕዝቡ ካልተብራራለት አይገባውም" የሚለውን ግን አልቀበልም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተቀዱ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ተቃውሟቸውን በአደባባይ አሰምተዋል። የእንጀራ ጉዳይ ስለሆነ እረዳቸዋለሁ። በዚያው ሰሞን ግን እናቴ የቱርኮቹን ሰዎች ስም ከኔ የክፍል ጓደኞች ስም በላይ ታውቅ ነበር። ቤታቸው ከኛ አይመሳሰልም፣ ከንፈራቸው ከድምፁ ጋር አይሄድም። እኔም ብዙዎቹ ድራማዎች ያንዛዛሉ ከሚሉት ወገን ነኝ። እናቴ ግን ማዕድ ላይ ተቀምጦ የሚበላው ሰው ምን እንደደበቀ ታውቃለች፣ ጎኑ ያለችው እንደማታውቅም ታውቃለች፤ ስለዚህ ሰውየው ጨው ሲያቀብል ትንፋሿን ትይዛለች። ማንም አላብራራላትም። ጨው ነው ያቀበለው! ይህን ያህል ማንበብ የሚችልን ተመልካች "አይገባውም" የሚል ደራሲ ስለ ራሱ ነው የሚያወራው።

"በጀት የለንም"ም አለ። በጀት የሚያስፈልገው ለቀረጻ ነው። እንደገና ለመጻፍ የሚያስፈልገው ወንበር ነው። የኃይሌ ገሪማ "ጤዛ" በፈረንጆቹ 2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ሲያገኝ አብሮ የወሰደው ሌላ ሽልማት ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁት የማታውቁት ነው፤ የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት። አብዛኛው በአማርኛ የሚነገር ፊልም፣ ለጽሑፉ፣ ቬኒስ ላይ! ይህን በየጓዳችን ለጥፈን መኖር ሲገባን እኛ የምናውቀው ሲልቬስተር ስታሎን "ሮኪ"ን በሦስት ቀን ተኩል ጻፈው የሚለውን ወሬ ነው። አዎ፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ በዚያ ፍጥነት እንደጻፈው ራሱ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ግን የሞቲቬሽን ቪዲዮዎቹ አይነግሯችሁም። ሞቲቬሽን ካነሣን ዘንድ፣ ስለ መጻፍ የሚያወራ ቪዲዮ ሦስት ሰዓት ማየት መጻፍ አይደለም። እኔ አንድ ክረምት ሙሉ አይቻለሁ። በመስከረም ከማንም በላይ ስለ ስክሪፕት ማውራት እችል ነበር።

መጻሕፍቱም እንዲሁ ናቸው። ሲድ ፊልድን፣ ማኪን፣ የብሌክ ስናይደርን "ሴቭ ዘ ካት" አንብቡ፤ አይጎዱም። ስናይደር ነገሩ የሚቀሰቀሰው ገጽ 12 ላይ፣ ሁለተኛው ክፍል የሚጀምረው ገጽ 25 ላይ ይላል። አንድ ወዳጄ ይህን በአማርኛ ቃል በቃል ሊከተል ሲሞክር ፊልሙ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ደረሰ። ለምን? "አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ" የሚባለው ግምት የተሠራው ለእንግሊዝኛ፣ ለኩሪየር ፊደል በ12 መጠን ነው። ኩሪየር ውስጥ ፊደላችን የለም፤ ኮምፒውተሩ በራሱ ሌላ ይተካበታል። የኛ አንድ ፊደል ደግሞ ሙሉ ድምፅ ስለሚይዝ ገጹ ላይ ብዙ ንግግር ይጠቀጠቃል። የኔ አንድ ገጽ ሲነበብ አንዳንዴ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ይደርሳል። መፍትሔው ስልክህ ላይ ያለው ሰዓት ነው፤ ጮኽ ብለህ አንብብና ለካ።

ጮኽ ብሎ ማንበብ የሚለውን በደንብ ያዙልኝ፤ የሙያው ግማሽ እሱ ነውና። ብቻህን አይደለም። ሰው ጠርተህ፣ ቡና አፍልተህ፣ ፈንዲሻ በትነህ፣ ገጸ ባሕርዮቹን አከፋፍለህ። አንተ ታነባለህ እንዳትል፤ አንተ ካነበብክ የጎደለውን በድምፅህ ትሞላዋለህ። ሌሎች ያንብቡት፣ አንተ ዝም በል። "እዚህ ጋ እኮ ማለት የፈለግሁት..." ልትል አፍህ ሲከፈት ፈንዲሻ ጨምርበት። አንባቢው የተደናቀፈበት ዓረፍተ ነገር የሰው አፍ የማይለው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሰርዘው።

ከዚያ "እንዴት ነው?" ብለህ አትጠይቅ። አገራችን የይሉኝታ አገር ነው። ቡናህን ጠጥቶ፣ ፈንዲሻህን በልቶ "አይረባም" የሚልህ ወዳጅ የለህም። "አሪፍ ነው" ይልሃል። "አሪፍ ነው" ማለት ልሂድበት ማለት ነው። ይልቅ "ታሪኩን እስቲ መልሰህ ንገረኝ" በለው። የሚዘለው ክፍል መቅረት ያለበት ክፍል ነው። ወይም "ስልክህን የነካኸው የት ጋ ስንደርስ ነው?" በለው። በዚህ ጥያቄ ማንም አይከፋም፣ ማንም አይዋሽም።

ሌባ ያልኩትን ሰው በመጨረሻ ያገኘሁት አንድ ፊልም ምረቃ ላይ ነው። ከኋላው ቆሜ ለመውጣት ወይም ለማናገር ስወላውል ዞረ። ማንነቴን ነገርኩት። ያውቀኝ ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከዓመታት በኋላ፣ ሙዚቃው እየጮኸ ጆሮው ድረስ ተጠግቼ። "ገንዘቡን የበላሁት እኔ ነኝ" አለኝ። አልገባኝም። "ፊልሙ ላይ ያለችው የኔ እህት ናት። ወንድምየው እኔ ነኝ። ዐሥራ አንድ ጊዜ ነው የጻፍኩት። እሷ አላየችውም።" ከዚያ ትከሻዬን መታ አድርጎ "ያንተንስ ጻፍከው?" አለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የመጨረሻውን ረቂቅ ቤታችን አስነበብኩ። አራት ጓደኞቼ፣ እናቴ ቡና እያፈላች። ከጀርባችን ያሉት እናት እንደ ወትሯቸው ቡናው ሲሸታቸው በጓሮ በር ገቡ። ልከለክላቸው አልችልም፤ ስክሪፕቱን ልደብቅም አልችልም፣ ንባቡ ተጀምሯል። ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ቧንቧው ጋ ሲደረስ ስኒያቸውን አስቀመጡ። የእናትየው ንግግር ተነበበ፦ "ገባልን እኮ ልጄ፣ ሳልነግርሽ። አንቺ ግን በልተሻል?"

ጓደኞቼ አጨበጨቡ። እኔ ሳላስበው ወደ ጥግ ዞርኩና "እማማ፣ እንዴት ነው?" አልኳቸው፤ አትጠይቁ ያልኳችሁን ጥያቄ ራሴ።

"እኔ ብሆን በልተሻል አልላትም" አሉ። "ስልኩን ነው የምዘጋው። ነገ ስትደውል ኔትወርክ ነው እላታለሁ።"

በረካውን ሳይጠጡ ተነሡ። ትዕይንቱን እሳቸው እንዳሉት አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ አሁን እናትየው ምንም አትናገርም፣ ስልኩን ትቀበልና ትዘጋዋለች። ለሳቸው ግን ገና አላነበብኩላቸውም።